ሁለት ጉርሻ ለግራጫዋ ባዝራ

አማታችሁን ይዛችሁ ሥራ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሄጃለሁ። ያውም የዕድሜ ልክ ሥራዬ ሊወሰን በነበረበት ቀን። በዚያ ቀን ያነሳሁትን ፎቶ ያዩ ሰዎች "እንዴት አነሳሽው?" ሲሉኝ አብዛኛውን ጊዜ "ዕድል ነው" ብዬ እገላገላቸዋለሁ። እውነቱ ግን ረዘም ይላል፣ ትንሽም ያሳፍራል። ዛሬ ሳላሳጥር ልንገራችሁ።

የምኖረው ሳን ሆዜ ነው። ያኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳንታ ክላራ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ፍሮንት ዴስክ ላይ ተቀምጬ ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ከኢንሹራንስ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ካሜራዬን አንጠልጥዬ የሐበሻ ሠርግ፣ ምርቃትና ልደት አነሳለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ምሕረት የሚለውን ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። "አንቺ ፎቶ አንሺ፣ ነይማ እዚህ ጋ!" ነው የምባለው። ምግብ ላይ መጨረሻ የምደርሰው እኔ፣ "ፎቶው አልደረሰም ወይ?" ተብዬ በየሳምንቱ የምወቀሰውም እኔ።

ልቤ ግን ከሙሽራ ይልቅ ፈረስ ላይ ነበር። ነገሩ የጀመረው ኦክላንድ ተራራው ላይ በተደረገ አንድ ሠርግ ነው። ሙሽሮቹ በኪራይ ሠረገላ መጡ፤ ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ እኔ ፈረሱን ሳነሳ ዋልኩ። የሙሽራዋ እናት በኋላ አልበሙን ገልጠው "ልጄን ነው የዳርኩት ወይስ ፈረሱን?" አሉኝ። አፈርኩ፣ ግን አልተውኩም። ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት ትርፍ ሰዓት ሁሉ ፈረስ ያለበት እየሄድኩ አነሳለሁ፣ ኦንላይን ላይም እለጥፋለሁ።

አንድ ቀን ሬድውድ ሲቲ ከሚከፈት አዲስ ሆስፒታል ኢሜይል መጣልኝ። ለመግቢያ አዳራሹ ግድግዳ የሚሆን አንድ ትልቅ ፎቶ ይፈልጋሉ። ፎቶው ደግሞ በሰሜን በኩል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ የሚኖሩ ፈረሶች እንዲሆን ነው ያሰቡት። ሦስት ፎቶ አንሺ መርጠዋል፤ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቀን ይሰጠናል። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ፤ ቀኔም መጪው ቅዳሜ ነበር።

በዚያው ሳምንት አለቃዬ ጠራችኝ። "ሱፐርቫይዘር ላደርግሽ ነው፤ ግን ቅዳሜም ትገቢያለሽ። ሰኞ መልስሽን እፈልጋለሁ" አለችኝ። ቅዳሜ ከገባሁ ፎቶ የሚባል ነገር አበቃ ማለት ነው። ማታ ባለቤቴን ዳዊትን አማከርኩት።

"ምሕረትዬ፣ ስንት ዓመት ለፋሽበት?" አለኝ። "ቅዳሜ ከተሳካልሽ እኔ ራሴ ነኝ ሥራውን ተዪው የምልሽ። ካልተሳካ ግን ካሜራውን እንስቀለው። በየዊኬንዱ ደክሞሽ ስትመጪ ማየት እኔንም ሰልችቶኛል።"

ትክክል ነበር። "እሺ" አልኩት። በቃ፣ ቅዳሜ ወይ ፎቶ አንሺ እሆናለሁ፣ ወይ ካሜራው ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ዳዊት አብሮኝ ሊሄድ ነበር የተስማማነው። ነርስ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሳለ ከሥራ ኮል አድርገው "ሰው ጎድሎብናል፣ ድረስልን" አሉት። ብቻዬን ልሄድ ቁልፌን ሳነሳ ከበስተኋላዬ ድምፅ መጣ።

"ብቻሽንማ አትሄጂም!"

እማማ ጥሩነሽ ናቸው፤ የዳዊት እናት። ከደብረ ዘይት መጥተው ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጸሎተኛ ናቸው፣ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ እምቢ ካሉ ደግሞ እምቢ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ትልቅ ዘንቢል አንጠልጥለው በር ላይ ቆመዋል።

"እማማ፣ ጉልበትዎስ?"

"መኪና ላይ ለመቀመጥ ጉልበት ምን ያደርግልኛል? ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር መሃል ስትሄድ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ልይ?"

"ዘንቢሉ ውስጥ ምንድነው ያለው?"

"ምን ይኖራል፣ ትንሽ የሚቀመስ ነገር ነው" አሉ። ትንሽ የተባለው ድፎ ዳቦ፣ አንድ ድስት ጥብስ፣ ሦስት ሰው የሚያጠግብ እንጀራ፣ እና አንድ ጣሳ ሙሉ የገብስ ቆሎ ነበር።

ኦክላንድን አልፈን ኤል ሴሪቶ እስክንደርስ እማማ ስለ ደብረ ዘይት ጋሪ ፈረሶች አወሩኝ። የደሴቲቱን ስም ግን አልነግራችሁም፤ ፈረሶቹን የምትጠብቀው ዶና ሰው እንዳይበዛባት አደራ ብላኛለች። ዶና ስልሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፊቷን ፀሐይ ያጠቆረው፣ ቀልድ የማታውቅ የምትመስል ሴት ናት። ከባሕሩ ዳር በአሮጌ ፒክአፕ ጠበቀችን። ወደ ደሴቲቱ የሚወስደው ዝቅ ያለ ጠባብ የጠጠር መንገድ ነው፤ ባሕሩ ሲጎድል ይታያል፣ ሲሞላ ውኃ ይውጠዋል።

"ሦስት ነገር ብቻ" አለች ዶና በእንግሊዝኛ። "አትንኳቸው። ምንም እንዳታበሏቸው። ባሕሩ መሙላት ሲጀምር ውጡ ስል እንወጣለን። መንገዱ ግራና ቀኙ ጭቃ ነው፤ ፈረስ ይውጣል።"

ለእማማ ተረጎምኩላቸው። "ኖ ፕሮብሌም" አሏት፤ ከሚያውቁት እንግሊዝኛ ግማሹ ይኸው ነው።

ፈረሶቹ ጡረተኞች ናቸው። የውድድር የነበሩ አሉ፣ የፖሊስ የነበሩ አሉ፣ ቱሪስት ሲጎትቱ የኖሩ አሉ። ይህንን ስነግራቸው እማማ በመገረም አፋቸውን ያዙ።

"ጡረታ የወጣ ፈረስ! ያውም የባሕር ዳር ቦታ ተሰጥቶት! የእኛ አገር የጋሪ ፈረስ ይህንን ቢሰማ እኮ በእግሩ ይመጣል!"

ደሴቲቱ በጉም ተሸፍናለች። ፈረሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ጨዋማውን ሣር ይግጣሉ። አንዱም ቀና አይልም። እኔ ያሰብኩት ውኃ ዳር ሲሮጡ፣ ጋማቸው ሲበተን፣ ከኋላቸው ባሕሩ ሲያበራ ነው።

"አይሮጡም" አለችኝ ዶና። "አርጅተዋል። በፊት የመጡት ሁለቱ ፎቶ አንሺዎችም ሲግጡ አንስተው ነው የሄዱት።"

የሚግጥ ፈረስማ ማንም ያነሳል። እማማን ተጣጣፊ ወንበር ላይ ከፒክአፑ አጠገብ አስቀመጥኳቸውና ከዶና ጋር ወደ ደሴቲቱ ጫፍ ሄድኩ። በሆዴ ተኝቼ አነሳሁ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቼ አነሳሁ፣ ጫማዬን አውልቄ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ጉሙ ንቅንቅ አልል አለ። ስክሪኑን ሳየው ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ጀርባ፣ ሁሉም የተደፋ አንገት ነው። ሰኞ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ለአለቃዬ "እሺ" ስላት፣ ካሜራው ቁም ሳጥን ውስጥ ሲገባ ታየኝ።

ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ያየሁትን ነገር እስከዛሬ አልረሳውም። የፈረሶቹ አለቃ የሆነችው ግራጫዋ ባዝራ እማማ ፊት ቆማለች። እማማ ደግሞ ድፎ ዳቦውን ቆርሰው፣ ቆሎ ነስንሰውበት፣ በእጃቸው እያጎረሷት ነው።

"ኧረ እማማ! ምን እያደረጉ ነው?"

"እየበላሁ ሳለሁ መጥታ ፊቴ ቆመች። ታዲያ እያየችኝ ብቻዬን ልብላ? አጎረስኳት።"

"አታብሉ ተብሏል እኮ!"

"አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሁለተኛ ጨመርኩላት እንጂ ብዙም አልሰጠኋት" አሉኝ፣ እንደ ትልቅ ጥንቃቄ።

ዶና ከኋላዬ ደርሳ ፊቷ ደም መሰለ። "ይህች ባዝራ የእግር በሽታ አለባት! ዳቦና እህል ኮቴዋን ያሳብጠዋል! ምንም እንዳታበሏቸው ብዬ ነበር እኮ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያ ከጩኸቱ ይልቅ ነው የከፋኝ፣ "ዕቃሽን ሰብስቢ። ካሜራውንም ክተቺ። ባሕሩም መሙላት ጀምሯል፤ የዛሬው በቃ" አለችኝ።

ልመናዬ አልሠራም። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። እማማን ዞር ብዬ አየኋቸውና ከአፌ ወጣ።

"ጉድ ሠሩኝ እማማ! ስንት ዓመት የጠበቅሁትን ቀን በአንድ ቁራሽ ዳቦ አፈረሱብኝ!"

በሕይወቴ እሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ "እኔ እኮ… እንግዳ ነኝና ባዶ እጄን መቆም አፍሬ ነው" አሉ በቀስታ። ፒክአፑ ውስጥ ገብተው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየጸለዩ ነው። እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ከቦርሳዬ ጋር ወጣሁ። ዶና ሞተሩን አስነሳች፤ ከንዴቷ ብዛት የአጥሩን በር ሳትዘጋው ወጣን። እንባዬን እያበስኩ ፊቴን ወደ ደሴቲቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

መንገዱ መሃል ላይ ዝቅ የሚል ቦታ አለ። ስናልፈው ውኃው ጎማውን ማርጠብ ጀምሮ ነበር። ያኔ ነው ከጉሙ ውስጥ አንድ ግራጫ ነገር ብቅ ሲል ያየሁት። ቀጥሎ ሁለት ቡናማ። ቀጥሎ ጥቁሩ። ግራጫዋ ባዝራ እየተከተለችን ነው፤ መንጋው በሙሉ ደግሞ እሷን ተከትሏል!

የፒክአፑን ጣሪያ ደበደብኩ። "ዶና! ፈረሶቹ!"

ዶና መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ላይ አቆመችና ዘላ ወረደች። እጇን እያወናጨፈች "ተመለሱ!" እያለች ሮጠች። ፈረሶቹ ግን ደንግጠው ወደ ዳር ተበተኑ፤ አንዱ የፊት እግሩን ጭቃው ውስጥ ከትቶ በመከራ አወጣው። ዶና ወዲያው ቆመች። ፊቷ ነጭ ሆነ። ወደፊት እንዳንሄድ በዚያ በኩል አውራ ጎዳናው አለ፤ ይከተሉናል። እዚሁ እንዳንቆም ውኃው እየመጣ ነው። ወደ ኋላ እንዳትነዳቸው ጭቃው ይውጣቸዋል።

ባዝራዋ ግን ዶናን አልፋ ቀጥ ብላ መጣችና አፍንጫዋን በእማማ መስኮት አስገባች።

"ምሕረትዬ" አሉኝ እማማ ከውስጥ፣ እንደ ኩርፊያችን ሳይሆን እንደ ወትሯቸው። "ይህች እኮ ጣሳዬን ፈልጋ ነው የመጣችው።"

ጣሳውን ነቀነቁት። ቆሎው ሻክ ሻክ አለ። የተበተኑት ፈረሶች በሙሉ፣ ቀኑን ሙሉ ቀና በሉልኝ ብዬ የለመንኳቸው ፈረሶች፣ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። እኔና ዶና ተያየን።

"ከኋላ ትውጣ!" አለች ዶና ወደ እማማ እያመለከተች።

እማማን ለመጫን የነበረውን ትግል ብታዩ! ያ ጉልበታቸው፣ ያ ቀሚሳቸው። ዶና ከታች ትገፋለች፣ እኔ ከላይ እጎትታለሁ፣ እማማ "በኢየሱስ ስም! ቀስ በሉ፣ ዕቃ አደረጋችሁኝ እኮ!" ይላሉ። ወጡ። ጀርባቸውን ከሹፌሩ ኋላ ባለው መስኮት አስደግፈው ተቀመጡ። ዶና መኪናውን አዙራ በፈረሶቹ ጎን ቀስ ብላ አለፈችና ፊቷን ወደ ደሴቲቱ አደረገች። እማማ ጣሳቸውን ከፍ አድርገው ነቀነቁ።

ባዝራዋ ዞረች። መንጋው ዞረ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ ተከተሉን። ዶና ፍጥነት ጨመረች፤ እነሱም ጨመሩ። ዝቅ ያለው ቦታ ስንደርስ ውኃው መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ፒክአፑ ውኃውን እየሰነጠቀ ገባ። እኔ እማማ እንዳይወድቁ በሁለት እጄ አቅፌያቸዋለሁ።

በዚህ ጊዜ ጉሙ ተገለጠ። የከሰዓት ፀሐይ በአንድ ጊዜ ውኃው ላይ ወረደ። ጡረተኞቹ ፈረሶች ውኃውን እየረጩ፣ ጋማቸው ተበትኖ፣ አፍንጫቸው ተነፍቶ፣ በቀጥታ ወደ እኔ እየጋለቡ ነው! እጄ ግን እማማን ይዟል።

"አንሺ እንጂ!" አሉኝ እማማ።

"ይወድቃሉ!"

"እኔን ልቀቂኝና ሥራሽን ሥሪ አልኩሽ! ይልቅ እኔ እይዝሻለሁ!" ብለው በአንድ እጃቸው ቀበቶዬን ጨመደዱ። በሌላኛው ጣሳው አልቆመም። ዶናም በመስኮት አንገቷን አውጥታ "አንሺ!" ብላ ጮኸች።

ካሜራዬን አወጣሁ። ተንበርክኬ፣ መኪናው እያንገላታኝ፣ ውኃው ፊቴ ላይ እየተረጨ አነሳሁ። ነፋሱ የእማማን ነጠላ እየገለበ በሌንሱ ፊት ያሳልፈዋል፤ በክርኔ እየገፋሁ አነሳሁ። ከወገቤ ላይ ያ የያዘኝ እጅ አንዴም አልላላም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ ግን እመኑኝ፣ እንደዚያ አጥብቆ የያዘኝ ሰው የለም።

ደሴቲቱ ላይ ወጣን። የመጨረሻው ፈረስ ሲገባ ዶና የአጥሩን በር ዘጋች፣ ቆጠረቻቸው፣ ደግማ ቆጠረች። አንድም አልጎደለም። እማማ ፒክአፑ ላይ እንደተቀመጡ ነጠላቸውን አስተካከሉና እልልልልል! አሉ። የሠርግ እልልታ። እኔም አቀለጥኩት። ባዝራዋ አሽካካች፣ ዶና ደግሞ በሩን ተደግፋ እየሳቀች አለቀሰች።

ከዚያ ወርጄ የእማማን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "ተነሽ፣ ተነሽ፣ ልብስሽ ይረጥባል" አሉኝ። ልብሴ እኮ ከአንገቴ እስከ እግሬ ረጥቧል።

ዶና ለፈረሶቹ ሐኪም ኮል አደረገች፤ ሁለት ጉርሻ ጉዳት እንደማያደርስ፣ ግን እንዳይደገም ነገራት። መንገዱን ባሕሩ ስለዋጠው ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ ነበረብን። ዘንቢሉ ተከፈተ። ዶና ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ያኔ ነው የነገረችን። እማማ ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። ዶና ግራ ተጋብታ አየችኝ።

"አፍሽን ክፈቺ" አልኳት።

ከፈተች። ጎረሰች። እያላመጠች ሳለ ሁለተኛው ተጠቅልሎ ፊቷ መጣ። "በቃኝ፣ በቃኝ" ብትልም ማን ይሰማታል? ለምን ሁለት እንደሆነ ስነግራት አፏ ሙሉ ሆኖ ወደ ባዝራዋ እያየች ሳቀች።

ሰኞ ለአለቃዬ "ሱፐርቫይዘርነቱ ይቅርብኝ" ብዬ መልሴን ሰጠኋት። ሆስፒታሉ ገና አልመረጠም ነበር፤ ግን ስክሪኑ ላይ ያየሁትን አይቻለሁ፣ መልስ መጠበቅ አላስፈለገኝም። ዳዊትም ፎቶውን አይቶ "ካሜራውን አንሰቅለውም፤ ፎቶውን ነው የምንሰቅለው" አለኝ።

ሆስፒታሉም መረጠው። ነገር ግን ደውለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ቀኝ ጥግ ላይ የሆነ ነጭ ነገር አለ። ብታጠፊው?" አሉኝ። ነጠላው ነው፤ ጫፉ ፎቶው ውስጥ ገብቷል። የድሮዋ ፎቶ አንሺ ብሆን "እሺ፣ አሁኑኑ" እል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እኮ "እሺ" ስል ነው የኖርኩት።

"አይጠፋም" አልኳቸው። "ፈረሶቹ የሚሮጡት ወደ እሱ ነው።"

"እንግዲያው ይቆይ" አሉኝ።

እናንተዬ፣ እኔ ከዚያ ቀን የተማርኩት ይህንን ነው። ሥራዬን ያበላሸብኝ እጅና ከወገቤ የያዘኝ እጅ አንድ እጅ ነበር። እናንተም "አፈረሰብኝ" ያላችሁት ሰው ካለ ገና ባሕሩ ሳይሞላ አትፍረዱበት። ዛሬ ሥራዬ ፎቶ ነው፤ ሠርግም አነሳለሁ፣ ግን "አንቺ ፎቶ አንሺ" ብሎ የሚጠራኝ የለም።

ባለፈው እማማን ለጉልበታቸው ቀጠሮ እዚያው ሆስፒታል ወሰድኳቸው። አዳራሹ ውስጥ ስንገባ ግድግዳውን ሞልተው ፈረሶቹ ወደ እኛ ይጋልባሉ። የተቀመጠው ሕመምተኛ ሁሉ አንጋጦ ያያል። እማማ በምርኩዛቸው እየተራመዱ ቀጥ ብለው ሄዱና ቀኝ ጥጉ ላይ ያለውን ነጭ ነገር ለጥበቃው በጣታቸው አሳዩት።

"ማይ ነጠላ" አሉት በኩራት።

ሰውዬው አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እሳቸውን አየና ከመቀመጫው ተነሣላቸው። እማማ ቦርሳቸውን ከፍተው ቆሎ ዘገኑለት። አመስግኖ እጁን ሊመልስ ሲል ያዙትና ደገሙለት።